ከመሣሪያው በፊት ታማሚዋን፦ ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም መንስኤ እንዴት ይፈለግ?

ከእምብርት በታች ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት የዘለቀ ሕመም ይዛ ወደ ሕክምና ተቋም የምትሄድ ሴት የምታገኘው ምርመራ በአብዛኛው በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው። እምነቱ ሕመሙን የፈጠረ አንድ የተበላሸ ነገር በማኅፀኗ ወይም በማኅፀኗ ዙሪያ አለ፤ ያም ነገር በአልትራሳውንድ፣ በላቦራቶሪ፣ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ይታያል፤ ካልታየ ግን በሽታ የለም የሚል ነው። ሐኪሙም፣ ታማሚዋም፣ ቤተሰቧም ይህን እምነት ስለሚጋሩት «ምርመራው ነፃ ነው» ሲባል ለሦስቱም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላቸዋል፤ ሕመሙ ግን ከሴቲቱ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እምነቱ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም በአብዛኛው የበርካታ አካላትና የነርቭ ሥርዓት የጋራ ችግር ስለሆነ፣ መንስኤውን ለማግኘት መቅደም ያለበት በጥንቃቄ የተወሰደ የሕመም ታሪክና በሠለጠነ እጅ የሚደረግ የአካል ምርመራ ነው፤ መሣሪያ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ፣ አስቀድሞ ለተለየ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ሲፈለግ ነው።

በሕክምናው ዘርፍ ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም የሚባለው በታችኛው የሆድ ክፍልና በዳሌ አጥንቶች መካከል የሚሰማ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ የማያቋርጥ ወይም እየተመላለሰ የሚነሣ ሕመም ነው። ከወር አበባ ጋር ሊመጣ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ሊቀሰቀስ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሲወጣ ሊብስ፣ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር ሳይያያዝም ሊኖር ይችላል። ጥቂቶችን ብቻ የሚያጠቃ ብርቅ ሕመምም አይደለም። በብሪታንያ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መዝገቦችን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ሕመሙ በዓመት ከ1,000 ሴቶች 38ቱን ለሕክምና እንደሚያደርስ አሳይቷል፤ በዚያው ንጽጽር አስም 37፣ የወገብ ሕመም ደግሞ 41 ሆነው ተመዝግበዋል። ትንፋሽ አጥሯት የመጣችን የአስም ታማሚ የደረት ራጅዋ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ «ምንም የለብሽም» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም አይገኝም። ከአስም የማያንስ ሥርጭት ያለው የዳሌ ሕመም ግን በንጹሕ ምስል ብቻ በየዕለቱ እንዲህ ይሸኛል።

እምነቱ የተወረሰው ከድንገተኛ ሕመም ሕክምና ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ፣ ጽንስ ከማኅፀን ውጭ በቱቦ ውስጥ ሲያድግ፣ ወይም ኦቫሪ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ሕመሙ በቀጥታ ወደ ተጎዳው አካል ይመራል፤ ሐኪሙ ይከፍታል፣ ያያል፣ ያስወግዳል፣ ሕመሙም ይጠፋል። ለድንገተኛ ሕመም ይህ አካሄድ ሕይወት አድን ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የማኅፀን ሐኪሞቹ ራውል ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በፓሪስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ በእንግሊዝ ላፓሮስኮፒን ለማኅፀን ሕክምና ሲያስተዋውቁ ይኸው አካሄድ ወደ ሥር የሰደደ ሕመምም ተሻገረ። ላፓሮስኮፒ በእምብርት በኩል በተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ ብርሃንና መነጽር ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሆድን ውስጥ በዓይን የማየት ዘዴ ነው። የሆድን ውስጥ በቀጥታ ማየት ከተቻለ የሕመሙንም ምክንያት በቀጥታ ማየት ይቻላል የሚለው ተስፋ በጊዜው ምክንያታዊ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ተስፋውን አልደገፈውም።

ማስረጃው በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። በአንድ በኩል፣ ለሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ላፓሮስኮፒ ከሚደረግላቸው ሦስት ሴቶች በአንዷ ገደማ በዓይን የሚታይ ምንም በሽታ አይገኝም። በሌላ በኩል፣ በሽታ ሲገኝም ስፋቱ ሕመሙን አይገልጸውም። ለዚህ ዋናው ምስክር ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው፤ ይህ በሽታ የማኅፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ፣ በኦቫሪ፣ በሽንት ፊኛ፣ በአንጀት ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል የሚፈጠር ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 ከመቶ ገደማ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህል፣ እንደሚጠቁ ይገምታል። በቀዶ ሐኪሞች መመዘኛ አራተኛ ደረጃ የደረሰ ሰፊ በሽታ ያላት ሴት ጥቂት ብቻ ሊያማት ሲችል፣ በሽታዋ በትናንሽ ነጠብጣቦች የተወሰነ ሌላ ሴት ደግሞ ከአልጋ መነሣት ሊያቅታት ይችላል። ልጅ መውለድ ለማቆም ቱቧቸውን ለማስቋጠር ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ሕመም የሚባል ነገር ያልነበራቸው ሴቶች ሆድ ውስጥም ኢንዶሜትሪዮሲስ ተገኝቷል። ስለዚህ ያልታየ በሽታ ሕመምን ሐሰት እንደማያደርግ ሁሉ፣ የታየ በሽታም የሕመሙ ሙሉ መንስኤ መሆኑ በመታየቱ ብቻ አይረጋገጥም።

የታየውን ሁሉ ቆርጦ ማውጣትም ያንኑ ትምህርት ይሰጣል። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከኢንፌክሽን በኋላ በሆድ ውስጥ አካላትን እርስ በርስ የሚያጣብቁ የጠባሳ ክሮች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ለረጅም ጊዜ የሕመም ዋና ተጠያቂ ሆነው ቆይተዋል። በኔዘርላንድስ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የሆድ ሕመምና የጠባሳ ክሮች ያሉባቸውን 100 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው፤ የግማሾቹ ክሮች በላፓሮስኮፒ ተቆረጡ፣ የሌሎቹ ግን ታይተው ብቻ ተተዉ። ከ12 ወር በኋላ በሁለቱም ቡድኖች ሕመሙ ቀንሶ ተገኘ፤ በመቁረጥና ባለመቁረጥ መካከል ግን ልዩነት አልታየም። ማኅፀንን ጨርሶ ማውጣትም የመጨረሻ ዋስትና አይሆንም፤ በዴንማርክ ማኅፀናቸውን ያስወጡ ሴቶችን የተከታተለ አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ 32 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ሥር የሰደደ ሕመም እንዳላቸው መዝግቧል። መንስኤው ሁልጊዜ በሚታየው አካል ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አካሉ ሲወጣ አብሮ በወጣ ነበር።

ላፓሮስኮፒ እንደ ልብ በማይገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ያው እምነት ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ የታየውን ዕጢ ወይም ጠባሳ ተክቶ የሚከሰሰው ኢንፌክሽን ነው። ከእምብርት በታች ሕመም ይዛ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ የገባች ሴት የሽንትና የአልትራሳውንድ ምርመራ ተደርጎላት «የማኅፀን ኢንፌክሽን ነው» ተብላ ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ይዛ መውጣቷ በጣም የተለመደ ነው። ይህ አሠራር መነሻ የሌለው አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎችን በምልክታቸው የማከም መመሪያ ታችኛው የሆድ ክፍሏን ያመማትን ሴት፣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ፣ ለማኅፀንና ለቱቦ ኢንፌክሽን እንድትታከም ያዛል፤ ያልታከመ ኢንፌክሽን ቱቦን ዘግቶ መካንነት ሊያስከትል ስለሚችልም በትንሽ ጥርጣሬ መድኃኒት መጀመር ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው መመሪያው ለአዲስ ሕመም ያወጣው ትእዛዝ ለሁለት ዓመት ሕመም ሲውል፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ያላሻላት ሴትም ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ዙር ሲታዘዝላት ነው። በዚህ መሐል ባለቤቷ ይጠረጠራል፣ እርሷም ትጠረጠራለች፣ ትዳር ይናጋል፤ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ኢንፌክሽን በእርግጥ በነበረባቸው ሴቶች ላይ እንኳ ሕመሙ ከተሕዋስያኑ በኋላ መቆየት ይችላል። በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ቀላልና መካከለኛ የማኅፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን የያዛቸውን 831 ሴቶች የተከታተለ ጥናት ሁሉም ተገቢውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያገኙ አድርጎ ነበር፤ ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክትትል ሲደረግላቸው ከሦስቱ አንዷ ገደማ ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ነበራት። ተሕዋስያኑ ሄደው ሕመሙ ከቀረ ተጨማሪ ፀረ ተሕዋስያን ማዘዝ የሌለ ጠላት ማሳደድ ነው። ጥያቄው ሕመሙን አሁን ያቆየው ምንድን ነው ወደሚለው መዞር ነበረበት።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የዳሌ አካላት ከነርቭ ሥርዓት ጋር እንዴት እንደተሳሰሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ማኅፀን፣ የሽንት ፊኛ፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ስሜታቸውን የሚልኩት በከፊል በጋራ መንገድ፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ በተቀራረቡና በተደራረቡ ክፍሎች በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ለዓመታት በወር አበባ ጊዜ ማኅፀኗን ሲያማት የኖረች ሴት የሽንት ፊኛዋም ቀስ በቀስ ሊቆጣ፣ በጥቂት ሽንት መሙላት ሊያማት፣ አንጀቷም በትንሽ ነገር ሊነፋና ሊቆርጣት ይችላል። ክሊፎርድ ዎልፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ ከተጎዳ አካል የሚመጣ ተደጋጋሚ መልእክት የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ራሳቸውን ይለውጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነርቮቹ ለትንሽ ንክኪ በትልቅ ድምፅ ይመልሳሉ። ይህ የነርቭ ሥርዓት ከመጠን በላይ መንቃት የመጀመሪያው ጉዳት ከዳነ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ሕመምን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ከቲሹ ጉዳትና ከነርቭ ጉዳት ሕመም ቀጥሎ ይህን ዓይነቱን ሦስተኛ መደብ አድርጎ ተቀብሎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መለያም ሥር የሰደደ ሕመም በራሱ በሽታ ሊሆን እንደሚችል መዝግቧል።

ከዚህ ላይ ተነሥቶ «እንግዲያው መንስኤው ሁሉ ነርቭ ነው» ማለት የቀድሞውን ስህተት በአዲስ ስም መድገም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የታተመ ሰፊ ጥናት ላፓሮስኮፒ ምንም ላላሳየባቸው 306 ሴቶች ለነርቭ ሕመም የሚሰጠውን ጋባፔንቲን ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ መድኃኒቱ ሕመሙን እንደማይቀንስ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ብዙ እንደሆነ አሳይቷል። አንድ ዕጢ ፈልጎ መቁረጥ ያልሠራው፣ አንድ ተሕዋስ ፈልጎ መግደል ያልሠራው፣ አንድ ኬሚካል ፈልጎ ማስተካከልም የማይሠራው በአንድ ምክንያት ነው፤ በአንዲት ሴት ላይ ሦስትና አራት የሕመም ምንጮች ተደራርበው ሲገኙ ፍለጋው በመጀመሪያው ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከእነዚህ ምንጮች መካከል ምስል ፈጽሞ የማያሳያቸው፣ እጅ ግን በደቂቃዎች የሚያገኛቸው አሉ። የመጀመሪያው የሆድ ግድግዳ ነው። ጆን ካርኔት የተባለ የፊላደልፊያ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 ያስተዋወቀው ፍተሻ ከሐኪሙ ጣት በስተቀር ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ታማሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ሐኪሙ በጣቱ ጫፍ ሕመሙ የሚያይልበትን ነጥብ ፈልጎ ይጫናል፤ ጣቱን ሳያነሣ ራሷንና ትከሻዋን ከአልጋው ከፍ እንድታደርግ ይጠይቃታል። የሆድ ጡንቻዋ ሲጠነክር በውስጥ ያለውን አካል ስለሚሸፍነው ሕመሙ ከቀነሰ ምንጩ ከውስጥ መሆኑን ይጠቁማል፤ ሳይቀንስ ከቀረ ወይም ከባሰ ግን ምንጩ ግድግዳው ራሱ፣ ብዙውን ጊዜም በጡንቻ መካከል የተያዘ ትንሽ ነርቭ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ከጠባሳዋ ጫፍ ላይ የሚነሣ ሕመም ካላት ይህ ፍተሻ ከብዙ አልትራሳውንድ በላይ ይናገራል፤ በነጥቡ ላይ የሚወጋ ጥቂት ማደንዘዣም ምርመራውን ከማረጋገጡ በላይ ራሱ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የዳሌ ወለል ነው፤ ይኸውም ማኅፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዘው የጡንቻ ስብስብ ነው። ለረጅም ጊዜ የታመመች ሴት እነዚህን ጡንቻዎች ሳታውቀው ጨምድዳ ትይዛለች፤ በዚህ ሁኔታ የቆየ ጡንቻ ደግሞ ራሱ የሕመም ምንጭ ይሆናል። ትክክለኛው ምርመራ የታማሚዋን ፈቃድ በመጠየቅ ይጀምራል፤ ብረቱ የማኅፀን መመልከቻ ከመግባቱ በፊት በአንድ የተቀባ ጣት ብቻ ይደረጋል፤ ሐኪሙ በግራና በቀኝ ያሉትን ጡንቻዎች ተራ በተራ በቀስታ ተጭኖ «ሁልጊዜ የሚያምሽ ሕመም ይህ ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተይ ባለች ጊዜም ያቆማል። በተለመደው ምርመራ ግን ሐኪሙ ሁለት ጣቱን አስገብቶ፣ በሌላ እጁ ሆዷን ከላይ ተጭኖ ማኅፀኑን ሲያንቀሳቅስ ጡንቻውንም አብሮ ስለሚነካ ሕመሙ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። ታማሚዋ ስትጮህ «ማኅፀኗ ያማታል» ተብሎ ይጻፋል፤ ማኅፀን ሲነካ ማመሙ ደግሞ የኢንፌክሽን መለያ ተደርጎ ስለሚወሰድ የጡንቻ ሕመም ያላት ሴት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝላታል። ከላይ የተጠቀሰው ተደጋጋሚ ማዘዣ ከሚወለድባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ለዚህች ሴት የሚያስፈልጋት ግን ጡንቻን ማላላት የሚያስተምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበር።

የቀሩትን ምንጮች የሚለየው ጥያቄ ነው። ሕመሙ ፊኛ ሲሞላ የሚብስና ሲሸና የሚቀልል ከሆነ፣ የሽንት ምርመራውም ተሕዋስ ካላሳየ፣ የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከሰገራ መውጣት ጋር የሚለዋወጥ፣ ከሆድ መነፋትና ከድርቀት ወይም ከተቅማጥ ጋር የሚመላለስ ከሆነ የአንጀት መቆጣት ይታሰባል። ሲቀመጡ የሚብስና ሲቆሙ የሚቀልል፣ በብልት አካባቢ የሚያቃጥል ሕመም በዳሌ ውስጥ የሚያልፈውን የብልት አካባቢ ነርቭ ያጠራጥራል። ከወር አበባ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድ፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ፣ በወር አበባ ጊዜም ሰገራ ለመውጣት የሚያስቸግር ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የሁለት ወይም የሦስት ወር የሕመም ማስታወሻ፣ ማለትም ሕመሙ የመጣበትን ቀን፣ ከወር አበባ፣ ከሽንት፣ ከሰገራና ከግንኙነት ጋር ያለውን ዝምድና የሚመዘግብ አንድ ደብተር፣ ለሐኪሙ የሚሰጠውን መረጃ አንድም የምስል መሣሪያ አይሰጠውም።

ይህ አካሄድ በመርሕ ብቻ የተደገፈ አይደለም። በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ያለባቸውን 106 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ነበር። አንደኛው ቡድን በተለመደው መንገድ አካላዊ በሽታ እንዲፈለግለት፣ ላፓሮስኮፒም እንዲደረግለት ተደረገ፤ ለሁለተኛው ቡድን ላፓሮስኮፒ የዘወትር ምርመራ መሆኑ ቀርቶ አካላዊው፣ ሥነ ልቡናዊው፣ የአመጋገቡ፣ የአካባቢውና የፊዚዮቴራፒው ጉዳይ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እኩል ትኩረት ተሰጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመማቸው የተሻለላቸው ሴቶች በሁለተኛው ቡድን በዙ። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን መመሪያዎች ወደዚያው እየመጡ ነው፤ የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የጽንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ላፓሮስኮፒ ኢንዶሜትሪዮሲስን ለመለየት የመጨረሻው ዳኛ መሆኑ እንደቀረ፣ ምስል ምንም ላላሳየባቸው ወይም በግምት የተጀመረ ሕክምና ላልሠራላቸው ወይም ለማይስማማቸው ብቻ እንዲታሰብ ደንግጓል።

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው መሣሪያ ካልቀደመ ካንሰርና ሌላ አደገኛ በሽታ ያመልጣል የሚል ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም አደጋን የሚለየው በመጀመሪያ ታሪክና የአካል ምርመራ ነው የሚል ነው። የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ የደማች፣ ከግንኙነት በኋላ የሚደማት፣ ያለ ምክንያት የከሳች፣ በሆዷ እብጠት የተዳሰሰባት፣ በሰገራዋ ደም ያየች፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆድ መነፋት የጀመራት ሴት ሳትውል ሳታድር ምስልና ናሙና ያስፈልጋታል። የሳንባ ነቀርሳ ሥርጭት ከፍተኛ በሆነባት ኢትዮጵያ የማኅፀን ቱቦ ነቀርሳም፣ በተለይ መካንነት፣ ትኩሳትና ክሳት ሲታከሉበት፣ ሊዘነጋ አይገባም። መሣሪያ የሚፈልገውን ሳያውቅ ሲላክ ግን ጉዳት ያመጣል፤ በየወሩ እየተፈጠረ የሚጠፋ ጤናማ የውሃ ከረጢት «ሲስት» ተብሎ ይጻፋል፣ ሕመም የማይፈጥር ትንሽ ማዮማ፣ ማለትም የማኅፀን ዕጢ፣ ተጠያቂ ይደረጋል፣ ሴቲቱም ባልሆነ ነገር ታክማ በሆነው ነገር ስትሠቃይ ትኖራለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነርቭን፣ የጭንቀትንና የኑሮን ድርሻ ማንሣት «ሕመሙ የሐሳብ ነው» ለሚሉት በር ይከፍታል የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ በተለይ ለዓመታት ሰሚ ያጡ ሴቶች ቢያነሡት ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ሆኖም «የሐሳብ ነው» የሚለውን ፍርድ የወለደው የአንድ መንስኤ እምነት ራሱ ነው። መንስኤ ማለት የሚታይ ቁስል ብቻ ነው ብሎ የተነሣ ሐኪም ቁስል ሲያጣ ታማሚዋን ከመጠርጠር ሌላ መንገድ አይቀረውም። ሕመም ቁስል ሳይኖርም እውነተኛ እንደሚሆን፣ ጭንቀትም ሆነ በልጅነት የደረሰ በደል በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚጨበጥ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሐኪም ግን ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ትዳሯና ስለ ደረሰባት ጥቃት የሚጠይቀው ሕመሟን ለመረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል 65 ከመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ግርዛት የጣለው ጠባሳ፣ በጠባሳው የተያዘው ነርቭ፣ ጡንቻው የለመደው ፍርሃት በአንድ ሰውነት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አካላዊውን ከሥነ ልቡናዊው ለይቶ አንዱን ብቻ መፈለግ እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ብዙ ታማሚ በሚሰለፍበት ጤና ጣቢያ ለአንዲት ሴት ግማሽ ሰዓት መስጠት አይቻልም ይባላል። ሒሳቡ ግን በጥሞና ቢሠራ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። አራት ጊዜ ካርድ ማውጣት፣ አራት ጊዜ አልትራሳውንድ፣ አራት ዙር መድኃኒት፣ በየመሐሉ ከሥራና ከትምህርት መቅረት፣ በመጨረሻም ሪፈር ተጽፎላት ወደ ሩቅ ከተማ መጓዝ፣ ከአንድ ግማሽ ሰዓት እጅግ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ታሪክ መውሰድ፣ የሕመም ደብተር ማስጀመርና የካርኔትን ፍተሻ ማድረግ የስፔሻሊስት ሥራ አይደለም፤ ለአዋላጅ ነርሶችና ለጤና መኮንኖች ሊሰጥ ይችላል። ወር አበባን ተከትሎ ለሚመጣ ሕመም በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት በየሦስት ወሩ የሚወሰድ የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ወይም ኪኒን፣ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግ በሙከራ ሊሰጥ ይችላል። በብልት በኩል መመርመር ለማትፈልግ ወይም ድንግል ለሆነች ልጃገረድም ታሪኳ፣ የሆድ ፍተሻውና የሙከራ ሕክምናው አብዛኛውን መንገድ ያስኬዳሉ። ላፓሮስኮፒና ኤም አር አይ እንደ ልብ ባለመገኘታቸው የሚያመካኝ አገር ገንዘብ ሳያወጣ ሊያደርግ የሚችለውን ነው የተወው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚሻረው በየቤቱ የሚነገረው ማስታገሻ ቃል ነው። ልጅቷ በወር አበባዋ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስትቀር «ብርድ ነው» ትባላለች፤ ስታድግ «ስታገቢ ይተውሻል»፣ ስታገባ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ትባላለች፤ ወልዳም ሳይለቃት ሲቀር የሴት ዕጣ ተደርጎ ይተዋል። በወር አበባ ጊዜ እንደ ኢቡፕሮፌን ባለ ማስታገሻ የማይታገሥና ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም መመርመር ያለበት ሕመም ነው፤ እነዚያ ሳይታከሙ የሚያልፉ ዓመታት ነርቮችን የሚያስቆጡ፣ ጡንቻን የሚያኮማትሩ፣ ከአንዱ ምንጭ ሌሎችን የሚያፈሩ ዓመታት ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እነዚህ ሴቶች ግን በሽታቸውን ለእናታቸው፣ ለባላቸው፣ ለሐኪማቸው ተናግረዋል።

እንግዲህ «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ከሕክምናው መዝገብ ሊወጣ ይገባል። በምትኩ ሐኪሙ ምን እንደተመረመረ፣ ምን እንዳልተገኘ፣ ገና ያልተፈተሸው ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ፊኛ ወይም አንጀት የትኛው እንደሆነ ለታማሚዋ በግልጽ ሊነግራትና ሕክምናውንም ፍለጋው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሊጀምር ይገባል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪ የዳሌ ወለልን ጡንቻ መዳሰስ ሳይማር እንዳይመረቅ ሊያደርጉ፣ የጤና መመሪያዎችም ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ያልተሻላት ሴት ያለ አዲስ ማስረጃ ሌላ ዙር ፀረ ተሕዋስያን እንዳይታዘዝላት ሊደነግጉ ይገባል። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ማሽን መግዛትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቁት የታማሚዋ ቃል የምርመራው የመጀመሪያ ማስረጃ መሆኑን መቀበልን ነው። ይህን የተቀበለ ሐኪም መንስኤውን ሁልጊዜ ባያገኝ እንኳ መፈለጉን ያለ ጊዜው አያቆምም፤ ታማሚዋንም ባልሠራችው ጥፋት ተጠያቂ አያደርጋትም።